ነጥቧ ስትቆም ማን ይነሳል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በቻይና ጋንሱ ግዛት ጂንግታይ በተባለ ወረዳ፣ 172 ሯጮች ለ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተነሱ። የጂፒኤስ መከታተያ በውድድሩ ደንብ ግዴታ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነበር። ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት ግን ግዴታ አልነበረም፤ የሰፈረው ቢያዙ ይመከራል ከተባሉት ዕቃዎች ጋር ነው። በማግስቱ ጠዋት ፍለጋው ሲጠናቀቅ 21 ሯጮች ሞተው ተገኙ። የገደላቸው ብርድ ነው።

ሰው የት እንደወደቀ የሚናገረው ዕቃ ግዴታ ሆኖ፣ እንዳይወድቅ የሚረዳው ዕቃ ለሯጩ ፈቃድ የተተወው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለጋንሱ አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በየአህጉሩ የሚካሄዱ የረጅም ርቀት የተራራ ሩጫዎች፣ የብስክሌት ጉዞዎችና የበረሃ ውድድሮች የቀጥታ ክትትልን ከደህንነት ዋስትናዎቻቸው ፊት አሰልፈው ያስተዋውቃሉ። ተወዳዳሪው በስልክ ካርታ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ይሆናል። እናቱ ታየዋለች፣ አሰልጣኙ ያየዋል፣ ስፖንሰሩም ያየዋል። ሁሉም ስላየው ግን ተጠብቋል ማለት ነው?

የዚያን ቀን የሆነውን በዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል፤ የመከታተያ ሥራ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ አደጋ አላውቅም። ከሁለተኛው የመቆጣጠሪያ ጣቢያ እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ሯጩ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። መኪና አይገባበትም። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ሲደርስም ምግብና መጠጥ አይጠብቀውም፤ አዘጋጆቹ ወደዚያ ማድረስ አልቻሉም። እኩለ ቀን ገደማ ነፋስ፣ ዝናብና የበረዶ ጠጠር ባንድነት ወረደ፤ አየሩም በድንገት ቀዘቀዘ። አብዛኞቹ ሯጮች ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር የለበሱት። ከፊት ይመሩ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አንዱ የሆነው ዣንግ ሺያኦታኦ ደጋግሞ ወደቀ፣ እጅ እግሩ ደነዘዘ። በመጨረሻ የድንገተኛ ጊዜ መሸፈኛውን ተከናንቦ የመከታተያውን የድረሱልኝ ቁልፍ ተጫነ። ከዚያም ራሱን ሳተ።

ቁልፉ ከተጫነ በኋላስ ማን ደረሰለት? የደረሰለት ዡ ከሚንግ የሚባል የበግ እረኛ ነው። እረኛው ዝናቡን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ወጥቶ ሲመለከት ሯጩን አገኘው፣ ወደ ዋሻው አስገባው፣ እርጥብ ልብሱን አውልቆለት በእሳት አሞቀው። በዚያ ቀን ይህ አንድ ሰው ስድስት ሯጮችን አዳነ። በመሪነት ከነበሩት ስድስቱ በሕይወት የተረፈው ዣንግ ብቻ ነው። ከሞቱት መካከል በቻይና የአልትራ ማራቶን ዓለም ስሙ የገነነው ሊያንግ ጂንግ ይገኝበታል። መስማትና መናገር የተሳነው፣ በ2019 በአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ማራቶንን ያሸነፈው ሁዋንግ ጓንጁንም ከእነርሱ አንዱ ነው።

የድረሱልኙ መልእክት ከዕቃው ወጥቶ ነበር? ከወጣስ በየትኛው ስክሪን ላይ አረፈ? ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ለወደቀ ሯጭ የሚልከው ምን ነበረው? መዓቱ የጀመረው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ውድድሩ እንዲቆም የተወሰነው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነጥቦቹ ተራራው ላይ እየዘገዩ፣ ኋላም እየቆሙ ሲሄዱ ያየ ሰው ምን መሰለው? ደክሟቸው ያረፉ? ኔትወርክ የጠፋባቸው? ወይስ ጨርሶ የሚያይ አልነበረም?

ከሁሉም የሚከብደኝ ደግሞ ይህ ነው። በውድድሩ ዋዜማ ምሽት የአካባቢው ሜትዎሮሎጂ የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ያንን ማስጠንቀቂያ ለማንበብ ሳተላይት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጠዋት መነሻው ላይ ቆሞ "ዛሬ ጃኬት ያልያዘ አይነሳም" ወይም "ዛሬ ውድድር የለም" የሚል ሰው ነበር። የመንግሥት ምርመራ በኋላ የአየሩን ድንገተኛ ለውጥ ከአዘጋጆቹ ሙያዊነት የጎደለው አሠራር ጋር አያይዞ ጥፋቱን ዘረዘረ፤ በርካታ ባለሥልጣናት ተቀጡ፤ ቻይናም እንዲህ ያሉ ውድድሮችን በመላ አገሪቱ አገደች። የሰው ስህተት በሰው ላይ ተፈረደ። የቀጥታ ክትትል የሰጠው የተሳሳተ መተማመን ግን ማን ፊት ቀረበ?

መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለሕዝብ በግልጽ ተነግሮ ስለማያውቅ፣ ጥቂት ልበልበት። ብዙ ሰው ሳተላይቷ ከላይ ሆና ሯጩን የምታየው ይመስለዋል። የጂፒኤስ ሳተላይት ማንንም አታይም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ሰዓቷንና ያለችበትን ቦታ ታሰራጫለች፤ በሯጩ ቦርሳ ውስጥ ያለው ዕቃ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ሞገድ ተቀብሎ የራሱን ቦታ ያሰላል። እስከዚህ ድረስ ሯጩ የት እንዳለ የሚያውቀው ቦርሳው ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው እንዲነገር ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ወይ እንደማንኛውም ስልክ የሞባይል ኔትወርክ ነው፣ ወይም እንደ ኢሪዲየምና ግሎባልስታር ያሉ የመገናኛ ሳተላይቶች ናቸው። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራው ርካሽና ቀላል ነው፤ አንቴና በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ግን ዝም ይላል። በሳተላይት የሚልከው ውድ ነው፤ እርሱም ሰማዩን የሚጋርድ ገደል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሲገጥመው ይዘገያል።

በዚህ ላይ የባትሪ ጉዳይ አለ። ቦታን በየደቂቃው መላክ ባትሪ ይጨርሳል። ውድድሩ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ መሣሪያው በየአምስት ወይም በየአሥር ደቂቃው ብቻ እንዲልክ ይደረጋል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በአሥር ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ጉም በሸፈነው ተራራ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በአንዱ ሸንተረርና በሌላው መካከል ያለ ልዩነት ነው። ፍለጋ የወጣ ቡድን በተሳሳተው ሸንተረር ሲወርድ የሚያጠፋውን ሰዓት ማን ይመልስለታል?

እንግዲህ አዘጋጁ ክትትሉ የቀጥታ ነው ብሎ ሲያስተዋውቅ ሯጩ እነዚህን ነገሮች የመጠየቅ መብት አለው። ዕቃው የሚልከው በምንድን ነው? በስንት ደቂቃ አንዴ? በመንገዱ ላይ ሲግናል የማይደርስባቸው ቦታዎች ታውቀው በካርታ ላይ ተለይተዋል? እነዚያ ቦታዎች ላይ በመሣሪያው ምትክ ሰው ቆሟል? ሯጩ ቁልፉን ሲጫን መልእክቱ መድረሱንስ የሚያውቅበት መንገድ አለ? መላክ እንጂ መቀበል የማይችሉ መሣሪያዎች አሉ። ጣቶቹ በብርድ የደነዘዙበት ሰው በጨለማ ቁልፍ ተጭኖ፣ ይሰማ አይሰማ ሳያውቅ ይጠብቃል። ልቀመጥ ወይስ ልውረድ የሚለው ውሳኔ የሞትና የሕይወት ውሳኔ ነው። መልእክቱ እንዳልደረሰ ቢያውቅ በእግሩ ወደ ታች ሊወርድ ይችል የነበረ ሰው ረዳት እየጠበቀ ቢቀዘቅዝ፣ ከውድድሩ በፊት ይህን ያልነገሩት ሰዎች ምን ይላሉ?

እኛም ነጥብ ማመንን በደንብ ለምደነዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ታምራት ቶላ በኒው ዮርክ ማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በ2024 ሲሳይ ለማ ቦስተን ላይ ገና ከጅምሩ ተነጥሎ ብቻውን ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ስንቱ ኢትዮጵያዊ በስልኩ ተከተላቸው? ዘመዱ ወይም ጓደኛው ከብዙ ሺው ሕዝብ መካከል የሚሮጥለትም በውድድሩ አፕ ላይ የእርሱን ነጥብ ሲጠብቅ ይውላል። ያቺ ነጥብ ግን ምን እንደሆነች የነገረን አለ? በትልልቆቹ የከተማ ማራቶኖች ላይ ሯጩ ደረት ላይ በተለጠፈው ቁጥር ውስጥ ቺፕ አለ። ቺፑ የሚነበበው መሬት ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ሲረገጥ ነው፤ ምንጣፉም አብዛኛውን ጊዜ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ነው የሚዘረጋው። በሁለት ምንጣፎች መካከል የምትሄደው ነጥብ ከሯጩ አይደለም የምትመጣው፤ አፑ ያለፈውን ፍጥነት ይዞ እዚህ ሊደርስ ይችላል ብሎ የሚያሰላት ግምት ናት። ሯጩ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጡንቻው ተኮማትሮ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ነጥቧ ግን ወደ 35ኛው ትሮጣለች።

ከተማ ውስጥ ይህ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፤ በየመንገዱ ዳር ሐኪም፣ ፖሊስ፣ በጎ ፈቃደኛና ተመልካች አለ። የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሳል። ነገር ግን በከተማ የተማርነውን እምነት ይዘን ተራራ ስንወጣስ? ቤተሰብ ቤት ተቀምጦ ነጥቧ ስትሄድ አይቶ ልጃችን ደህና ነው ሲል፣ ያየው ልጁን ነው ወይስ ኮምፒውተር የሠራለትን ግምት? አፑን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ግምት የሆነውን በአንድ ቀለም፣ በእርግጥ የተነበበውን በሌላ ቀለም ማሳየት ይከብዳቸዋል? አይከብዳቸውም። ተመልካች እንዳይሰለች ነጥቧ ሳታቋርጥ መሄድ አለባት ተብሎ የተወሰነ ይመስለኛል። ለቤተሰብ ግን ከማማሩ በፊት እውነቱ ይቀድማል።

ታዲያ ክትትሉ ለማን ነው የሚሠራው? ለሯጩ ደህንነት ነው ወይስ ለተመልካቹ ዓይን? ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሲጋጩ ግን የትኛው እንደሚቀድም በግልጽ የሚናገር አዘጋጅ እምብዛም አይገኝም። ዕቃውን ሯጩ ይሸከማል፣ በአንዳንድ ውድድር ኪራዩንም እርሱ ይከፍላል። ነጥቡን ደግሞ ዓለም በነፃ ያያል። ሯጩ የት እንዳረፈ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ መቼ እንደተነሳ ተፎካካሪዎቹና በሺዎች የሚቆጠሩ የማያውቃቸው ሰዎች ይከታተላሉ። እርዳታ በማይፈቀድባቸው የረጅም ርቀት የብስክሌት ውድድሮች የነጥብ ተመልካቾች የሚባል ሕዝብ ተፈጥሯል፤ ተወዳዳሪውን ሌሊትና ቀን በካርታ የሚከተሉ፣ በየከተማው ወጥተው የሚያጨበጭቡለት ሰዎች ናቸው። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው። ግን ሁሉም በሚያየው ካርታ ላይ የቆመ ነጥብ መሆን ሲያሳፍር፣ እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው መንገድ ዳር ጋደም ማለትን እንደ ሽንፈት አያየውም?

ማይክ ሆል የዚህ ስፖርት ታላቅ ሰው ነበር። አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን የትራንስኮንቲኔንታል የብስክሌት ውድድር የመሠረተው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2017 ከፍሪማንትል እስከ ሲድኒ አውስትራሊያን በሚያቋርጠው ውድድር ላይ ሳለ፣ ከካንቤራ አቅራቢያ ሳይነጋ መኪና ገጭቶት ሞተ። 35 ዓመቱ ነበር። ውድድሩም እዚያው ተቋረጠ። በካርታ ላይ ያለችው ነጥብ ለገጨው መኪና ምንም አልነገረችውም፤ ልትነግረውም አትችልም ነበር። የዓለም ሕዝብ በካርታ ላይ እያየው የነበረ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ከኋላው ለሚመጣው አንድ ሾፌር አልታየም። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለሚያየው ድረ ገጽ የሚወጣው ገንዘብ፣ ለመንገድ ምልክት፣ ለአሽከርካሪዎች ማስጠንቀቂያና ለግዴታ የዕረፍት ሰዓት ቢውል ማን ይቃወማል?

ለብቻቸው የሚወዳደሩ ሴቶችን ጥያቄ ደግሞ ማን ጠይቆላቸዋል? አንዲት ሴት ከከተማ ርቃ፣ ሌሊት፣ ብቻዋን የት ድንኳን እንደተከለች የሚያሳይ ካርታ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሲሆን፣ የሚመለከተው ሁሉ በጎ አሳቢ ነው ያለው ማን ነው? ቦታ የሚያሳይ መረጃ በምን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች ሁሉ ደርቦ በአንድ የዓለም ካርታ ካወጣ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2018 በሶሪያና በአፍጋኒስታን ያሉ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ በወታደሮቹ ሩጫ ምክንያት ካርታው ላይ ጎልቶ መታየቱ ታወቀ። ሚስጥር መጠበቅ ሥራው የሆነ ወታደር እንዲህ ከተጋለጠ፣ የደንብ ወረቀት ላይ ፈርማ ዕቃውን የተቀበለች ሯጭ ምን ያህል ትጠበቃለች? ለአዘጋጁ የሚደርሰው መረጃ ወዲያውኑ፣ ለሕዝብ የሚደርሰው ግን ከሰዓታት በኋላ እንዲሆን ማድረግ በቴክኒክ በኩል ቀላል ነገር ነው። ይህን የማያደርግ አዘጋጅ ለምን እንደማያደርግ ይንገረን።

መከታተያ አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሞሮኮ በረሃ በሚካሄደው ማራቶን ዴ ሳብል ላይ ጣሊያናዊው ማውሮ ፕሮስፔሪ በአሸዋ አውሎ ነፋስ መንገድ ሳተ። ከስንት ቀን መንከራተት በኋላ ድንበር ተሻግሮ አልጄሪያ ውስጥ ነው የተገኘው። ሽንቱን ጠጥቶ፣ የሌሊት ወፍ በልቶ ነው የተረፈው። ዛሬ በእጅ መዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ያን ሰው ከዚያ ሁሉ ስቃይ ሊያድነው ይችል ነበር። ለፍትሕም ይጠቅማል፤ በ2023 በእንግሊዝ ከማንቸስተር እስከ ሊቨርፑል በተካሄደ የ50 ማይል ሩጫ ሦስተኛ ወጥታ ዋንጫ የተቀበለች ሯጭ፣ አንዱን ማይል በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንዳለፈች መረጃው በማሳየቱ ከመንገዱ የተወሰነውን በመኪና መሄዷ ታውቆ ውጤቷ ተሰርዟል።

ጥያቄዬ ያው አንዱ መሣሪያ በአንዱ ቦታ ሰው አድኖ በሌላው ቦታ ለምን ከንቱ እንደሆነ ነው። በእንግሊዝ በክረምት የሚካሄደውን ስፓይን የተባለ ውድድር ተመልከቱ። ፔናይን ዌይ በሚባለው የተራራ መንገድ 268 ማይል ነው፤ ጭቃ፣ በረዶና ረጅም ጨለማ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መከታተያ ይይዛል። ከዚያ በፊት ግን የመኝታ ከረጢት፣ መጠለያ፣ ውሃ ማፍያ ምድጃና ውሃ የማያስገባ ልብስ ካልያዘ አይነሳም። ነጥቦቹን ተረኛ ሰዎች ይጠብቃሉ፤ በመንገዱ ላይም ተራራ የለመዱ የደህንነት ቡድኖች ተሰማርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃስሚን ፓሪስ የተባለች የአንዲት ሕፃን እናት በየጣቢያው ጡቷን እያለበች በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ያሸነፈችው ይህንን ውድድር ነው። በዚያው ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ይከተላት የነበረው ስፔናዊ ከፍጻሜው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ብርድ አሸነፈው። እርዳታ ጠየቀ፣ ሰዎች ደረሱለት፣ ተረፈ። ጋንሱም ላይ ቁልፍ ነበረ፣ ተጫኑትም። ልዩነቱን የፈጠሩት ከቁልፉ ኋላ የቆሙ ሰዎችና በሯጩ ጀርባ ላይ የነበረው ቦርሳ ናቸው።

ጃስሚን ፓሪስ በ2024 በአሜሪካ ቴነሲ የሚካሄደውን ባርክሌይ ማራቶን ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ 60 ሰዓት ከሚለው ገደብ 99 ሰከንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ባርክሌይ ላይ ጂፒኤስ አይፈቀድም፣ ሕዝብ የሚያያት ነጥብም የለችም። ሯጩ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ መዞሩን የሚያረጋግጠው በየቦታው ከተደበቁ መጻሕፍት ገጽ ቀድዶ በማምጣት ነው። ዓለም ግን ወሬዋን በጉጉት ጠበቀ፣ ስትደርስም አለቀሰ። እንግዲህ ስፖርቱ ያለ ነጥብ ተመልካች ያጣል የሚለው መከራከሪያ ከየት መጣ? ባርክሌይ ለሁሉም አርአያ ይሁን አልልም። ሯጩ ግን ከመነሻው ማንም እንደማያየው ያውቃል፤ ያንን አውቆ ይዘጋጃል፣ ያንን አውቆ ይመለሳል። በሐሰት ከተጠበቀ ሰው ይልቅ እንደማይጠበቅ የሚያውቅ ሰው አስተዋይ ይሆናል።

ወደ አገራችን ስመጣ ጥያቄዎቹ ይበልጥ ይከብዳሉ። የጎዳና ሩጫ ለምደናል፤ ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባን ያጥለቀልቃል። ከከተማ ወጥተው በተራራና በብሔራዊ ፓርክ የሚካሄዱ ሩጫዎችም አሉ፤ ደጋችን ለዚህ የተፈጠረ ስለሆነ ወደፊት እንደሚበዙ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የስሜን ተራራ ሰንሰለት ላይ ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት በረዶ እንደሚወርድ፣ ሌሊቱ ውርጭ እንደሆነ የማያውቅ ማን ነው? ከገደሉ ሥር ኔትወርክ እንደሚጠፋስ? ከውጭ የተገዛ ወይም የተከራየ መከታተያ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ከሆነ፣ እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው ዝም የሚለው። መንገዱን ሙሉ በእግሩ ዞሮ ሲግናል የት እንዳለና የት እንደሌለ የመዘገበ አዘጋጅ አለ? ሄሊኮፕተር በሌለበት፣ አምቡላንስ ከአስፋልት በማይወርድበት ቦታ የወደቀን ሰው በቃሬዛ ወይም በበቅሎ የሚያወርድ ቡድን ተዘጋጅቷል?

እዚህ ላይ እኛ ያለን፣ ብዙ ሀብታም አገሮች የሌላቸው ነገር አለ። ደጋችን ባዶ አይደለም። በየሸንተረሩ እረኛ አለ፣ በየኮረብታው ጎጆ አለ፣ ጭስ ይታያል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። ጋንሱ ላይ ስድስት ሰው ያዳነው እረኛ በአዘጋጆቹ የተመደበ ሰው አልነበረም። እርሱ በአጋጣሚ ነበር የተገኘው። እኛ አጋጣሚውን እቅድ ማድረግ አንችልም? ለአንድ መከታተያ ኪራይ በሚወጣው ገንዘብ ስንት የአካባቢ ነዋሪ በብርድ ልብስ፣ በእሳትና በእጅ ራዲዮ መንገዱ ዳር ሊቆም ይችላል? በፓርኮቻችን የሚሠሩ ስካውቶችና መንገድ መሪዎች ተራራውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ስንት አዘጋጅ ነው የመሮጫ መስመሩን ሲያወጣ ቀድሞ እነርሱን የሚያማክረው?

ልጆቻችን በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በበቆጂ ገና ሳይነጋ በጨለማ የሚሮጡት ያለ ማንም ክትትል ነው፤ የሚጠብቃቸው አብሮ የሚሮጠው ጓደኛና መንገዱ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ነው። አስፋልቱ ላይ የመኪና አደጋ ይገጥማቸዋል። አንድ ቀን መከታተያ የሚሸጥ ድርጅት መጥቶ ይህን በእጃችሁ እሰሩ፣ ደህና ትሆናላችሁ ቢላቸው፣ ክለባቸውና ፌዴሬሽኑ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው የዕቃውን ዋጋ ነው ወይስ ነጥቡ ሲቆም ከአልጋው የሚነሳውን ሰው?

ለመመዝገብ ገንዘብ የምትከፍሉ ሯጮች፣ ልጃችሁን የምትልኩ ወላጆች፣ ስፖንሰር የምትሆኑ ድርጅቶች፣ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስክሪኑን የሚጠብቀው ማን ነው? ነጥብ ስንት ደቂቃ ከቆመ ነው የሚደነግጠው? ሲደነግጥ ማንን ያዛል፣ የታዘዘውስ በምን ሄዶ በስንት ሰዓት ይደርሳል? አየሩ ሲከፋ ውድድሩን የማቆም ሥልጣን ያለው ሰው ስሙ ማን ነው? ነጥቤን ሕዝብ የሚያየው ወዲያው ነው ወይስ ዘግይቶ? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሌለው አዘጋጅ የቱንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢያከፋፍል፣ መነሻ መስመር ላይ ሰው ሊያቆም አይገባውም።